ሰናይት ሁለተኛዋን ሴት የገደለችበት ቀን

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ወንጂ አጠገብ ባለው የሸንኮራ ሠፈራችን፣ አመሻሽ ላይ የምንሰማው ተረት የጅብና የቀበሮ ሳይሆን የመረብ ኳስ ነበር። ተራኪያችን አባባ ቱፋ ነበሩ፤ ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ ወጥተው ከእኛ ቤት ቀጥሎ የሚኖሩ፣ ጨዋታ የተባለ የማያመልጣቸው ሽማግሌ። ሸንኮራው በሚቃጠልበት ወራት ሰማዩ ጭስ ለብሶ፣ ጥቁር አመድ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ የተሰጣ ልብስ ላይ ሲያርፍ፣ እሳቸው ደጃቸው ላይ ከሰል አያይዘው በቆሎ እየጠበሱ «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ኑ ቁጭ በሉ!» ይሉናል። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ፊታቸውን የማየው በፋኖስና በፍሙ ብርሃን ነው፤ ኳስ እንደሚለጋ ተጫዋች እጃቸውን ሲያነሡ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ከቤቱ ይበልጥ ነበር።

ችግሩ፣ ጨዋታውን የሚነግሩን በራሳቸው ቃል ሳይሆን ሜዳው ላይ በድምፅ ማጉያ በሚያስተላልፈው ወጣት ቃል መሆኑ ነው። ያ ወጣት «በሚያስገርም ሁኔታ» ሳይል አፉን አይከፍትም ነበር። ኳስ በሚያስገርም ሁኔታ መረብ ትነካለች፣ ተጫዋቾች በሚያስገርም ሁኔታ ውሃ ይጠጣሉ። ከኋላ ሆና ኳስ የምታነሣውን፣ ማልያዋ ከሌሎቹ የሚለየውን ሊቤሮ ደግሞ «ሊብሬ» ይላታል። እኔ የማውቀው ሊብሬ አባቴ በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው የሞተር ብስክሌቱ ወረቀት ነው። አባባ ቱፋ «ሊብሬያችን ተወርውራ መሬት ላይ ተንከባለለች!» ሲሉ፣ ወረቀቱን ማን ወደ ሜዳ እንደወሰደው ግራ ገብቶኝ አባቴን በጎን አየው ነበር። አባቴ ያጨበጭባል።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን «ሴት» የሚሉት ነገር ነው። ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር በእንግሊዝኛው እንደዚያ እንደሚባል ማንም አልነገረኝም። ለእኔ ሴት ማለት እናቴ ናት፣ እህቴ ሰናይት ናት። ወጣቱ ደግሞ ኳሱንም ሜዳውንም መረቡንም በሴት አንቀጽ ስለሚጠራ፣ «የመጀመሪያዋን ሴት አጣናት» ሲባል ጠፍታ የቀረች አንዲት ምስኪን ትታየኝ ነበር።

ሰናይት የፋብሪካው የሴቶች ቡድን አጥቂ ነበረች። አንድ ቅዳሜ አዳማ ሄደው ከከተማው ቡድን ጋር ተጫወቱ። አባቴ ሥራ ላይ ነበር፤ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ከእናቴ ጋር ቤት ቀረሁ። ሲመሽ አባባ ቱፋ በደጋፊዎች አውቶቡስ ተመለሱ፤ ተጫዋቾቹ ግን እዚያው ሊያድሩ ነበር። ድምፃቸው ተዘግቷል። ከሰሉን እንኳ በቅጡ ሳያያይዙ ጀመሩ።

«ሁለተኛዋን ሴት ሰናይት ብቻዋን ገደለቻት!» አሉ። «ሕዝቡ ግደያት፣ ግደያት ይላል፤ እሷ ትዘልና... ጧ! አንዷማ ፊቷን ይዛ ወጣች።»

ሊጠበስልኝ የያዝኩት በቆሎ እጄ ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ሴትየዋ ሞተች?» አልኳቸው።

«ሞተች እንጂ! ሰናይት መትታ ማን ይተርፋል?»

እናቴ እልል አለች። ማታ ማታ እጇን ጭንቅላታችን ላይ ጭና የምትጸልየው እናቴ! አባቴም ከሥራ ሲገባ ወሬውን ሰምቶ አባባ ቱፋን አቀፋቸው። እኔ አንዱን ከአንዱ እያፈራረቅሁ አየኋቸው። ሰው መግደል ኃጢአት እንደሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት ዘምረናል፤ አዳማ ሲሆን ይፈቀድ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

እራት ቀርቦ የመጸለይ ተራው የእኔ ሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ኢየሱስ ሆይ፣ ሰኒ የገደለቻትን ሴትዮ አስነሣት። ካልሆነም ፖሊስ ሰኒን እንዳያገኛት አድርግ» አልኩ። አሜን የሚል ጠፋ። ከዚያ አባቴ ሳቁ አፍኖት ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ «የኔ ልጅ፣ ሴት ማለት እኮ ጨዋታ ነው። የሞተ ሰው የለም» አለችኝ።

«ጨዋታ ይሞታል እንዴ?»

«በይ ብይ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አለች።

በማግስቱ ከቸርች ስንመለስ ሰናይት ቦርሳዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ አገኘናት። አባቴ ገና ሰላም ሳይላት ጸሎቴን አንድም ሳያስቀር ነገራትና እስክትስቅ ጠበቀ። አልሳቀችም። በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ልጅቷ ዓይኗ አልተገለጠም» አለች። «ጫልቱ የምትባለዋ። ኳሱ ፊቷ ላይ አርፎ ወደቀች። ከእኛ ጋር የሄደው አስተላላፊ ልጅ በማይኩ ገደለቻት ብሎ ሲጮኽ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም... እጄን አነሣሁ።»

እኔ ከማታውም የባሰ ዞረብኝ። ትናንት የሞተ ሰው የለም ተብዬ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እህቴ ታለቅሳለች። እንግዲህ የትኛው ነው ጨዋታው?

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ልጅቷን ልትጠይቅ ተነሣች፤ ካልወሰድሽኝ ብዬ አለቀስኩባት። በሚኒባስ አዳማ ገብተን በባጃጅ እነጫልቱ ቤት ደረስን። የከፈቱልን እናቷ ናቸው። ሰናይትን እንዳዩ አወቋት፤ «ግቡ» አሉ፣ ድምፃቸው ግን ግቡ አይልም ነበር። ጫልቱ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗ አብጦ እንደ በሰለ የዱር እንጆሪ ጠቁሯል። ሰናይት የያዘችውን ብርቱካን እንዳቀፈች መሀል ቤት ቆማ ቀረች።

እኔ ተጠግቼ፣ «አልሞትሽም?» አልኳት።

ጫልቱ ትን እስኪላት ሳቀች፤ ወዲያው ጉንጯን ይዛ፣ «ወይኔ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል!» አለች። ከዚያ ሰናይትን ቀና ብላ አየቻት። «ሐኪሙ ዓይንሽ ደህና ነው ብሎኛል። ነይ ቁጭ በይ እንጂ። በሚቀጥለው እኔ ነኝ የምገድልሽ።»

«ተይ ልጄ!» አሉ እናቷ፣ በድንጋጤ።

ሰናይት ግን ብርቱካኑን ጥላ ተንበርክካ አቀፈቻት፤ ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ። እኔ መሬት ላይ የተበተነውን ብርቱካን እየለቀምኩ፣ እገድልሻለሁ የተባለች ሰው ለምን እንደምታቅፍ የሚነግረኝ ፈለግሁ። የጫልቱ እናት ዓይኔ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ያነበቡት ይመስለኛል፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ከእኔ ጋር ይለቅሙ ጀመር።

ዛሬ የጨዋታውን ቃላት ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ የቱ የእንግሊዝኛ፣ የቱ ያለቦታው የገባ፣ የቱ አጠራሩ የተበላሸ እንደሆነ መለየት አያቅተኝም። ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ግደያት!» ብሎ ሲነሣ፣ ሁሉም ኳሷን በሚያይበት በዚያች ቅጽበት፣ እኔ ከመረቡ ወዲያ ያለችውን ልጅ ፊት አያለሁ።