ለመስቀል ሁሉም ይመጣል

ኦይታ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠረ። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚደርሰው ቀናት ዘግይቶ ነው። ሌሎቹ ስፖርቱን አይተው ሲጥሉት እሱ አዋጁንም፣ መመሪያውንም፣ ረጅሙን ንግግር ሳይቀር ያነባል። በውይይት ክበብ ካድሬው ጠይቆ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ፣ እጁን የሚያወጣ እሱ ብቻ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ቅስቀሳ ክፍል ተዛወረ። ስብሰባ ሲኖርም ወደ ጋሞኛ የሚተረጉመው እሱ ሆነ።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ አለቃው አስናቀ አስጠራው። አስናቀ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ጓድ ኦይታ፣ ከጨንቻ በኩል የተጠየቀው ምልምል አልሞላም። ለምን ይመስልሃል?»

ኦይታ ደስ አለው። አስተያየት ከተጠየቀ ሹመት ቀርቧል ማለት ነው።

«ገበሬ ማኅበሮቹ የሚመዘግቡት እዚህ ያለውን ነው፣ ጓድ። አዋጁ የሚመለከተው ወጣት አብዛኛው ግን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሽመና ላይ ነው።»

«መቼ ይገኛል ታዲያ?»

«ለመስቀል ነዋ! ለመስቀል ሁሉም ይመጣል።»

አስናቀ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጎበዝ» አለው።

ኦይታ የተናገረው ነገር የገባው በሩን ዘግቶ ሲወጣ ነው። ታናሽ ወንድሙ ደበሌም ሽሮ ሜዳ ነበር።

እሑድ ወደ ደጋው ወጥቶ እናቱን ወርቂቱን፣ «ደበሌ ዘንድሮ እንዳይመጣ ላኪበት» አላት።

«ያለ ልጄ ምን መስቀል አለ? ምን ሆኗል?»

«ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው።»

እውነቱን ሊነግራት ፈራ። የአፈሳው ወሬ ከእሱ እንደወጣ ከታወቀ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ደበሌ ግን መልእክቱ ሲደርሰው ተናደደ። ወንድሜ ሹም ሆኖ በሸማኔነቴ አፈረብኝ ብሎ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ መጣ።

የመስቀል ሰሞን የዶርዜ ገበያ ደምቆ ሳለ ካሚዮኖች ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ሚሊሻዎች መውጫውን ያዙ። ኦይታ ከአስናቀ ጎን ቆሞ አዋጁን መተርጎም ጀመረ። «የእናት አገር ጥሪ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ደበሌን ሁለት ሚሊሻዎች ይዘውት አየ።

«ኦይታ! ንገራቸው እንጂ!»

ኦይታ ወደ አስናቀ ጎንበስ አለ። «ጓድ፣ ወንድሜ ነው።»

«የአንተ ወንድም ከሆነማ ለሌላው አርአያ ይሆናል» አለ አስናቀ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። «ቀጥል፤ ሕዝቡ እየጠበቀህ ነው።»

ኦይታ ቀጠለ።

በዓመቱ የክፍል ኃላፊ ሆነ። እናቱ ቤት በሄደ ቁጥር ምግብ ታቀርብለትና፣ «አዋጁ ልጄ መቼ ይመለሳል ይላል?» ትለዋለች። «ሠላሳ ወር» ይላታል።

ሠላሳው ወር አለፈ። ጋዜጣው የሚጽፈው ስለ ድል ብቻ ነበር፤ ኦይታ ግን ደበሌ በተላከበት በሰሜን ጦር ግንባር የሚሆነውን ካልተጻፈው መረዳት ከጀመረ ቆይቷል። እናቱ ደግማ ስትጠይቀው፣ «ደህና ነው፣ ይመጣል» አላት።

ወርቂቱ ዓይኑን አይታ ምግቡን ወደ እሱ አስጠጋች። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ አዋጅ አልጠየቀችውም። ደበሌም አልተመለሰም።