ተሰማን የካድኩ እኔ ነኝ

ይህን የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስናዘዝ ኖሬአለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። እንግዲህ አንተ ስማው። ልታዝንልኝ ከሆነ ግን ከወዲሁ ተወው።

እዚህ ደብረ ታቦር ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር የቤተሰባችን ቆጣሪ እኔ ነኝ። እስከ ሰባት ቤት ሳልደናቀፍ እቆጥራለሁ። ሙያውን ያገኘሁት በየዘመዱ ደጅ እየዞርኩ ነው። ጉና ድረስ ወጥቼ የአያቴን እኅት ስጠይቅ፣ አሮጊቷ ምንም ሳያፍሩ፣ «አባቴ ተሰማ ቀጥቃጭ ነበሩ። ያገሩ ማረሻ ሁሉ የሳቸው እጅ ሥራ ነው» አሉኝ። ያፈርኩት እኔ ነኝ። ከተራራው ስወርድ ቅድመ አያቴን መሪጌታ አድርጌያቸው ወረድኩ።

ቆይቶ የእኅቴ ልጅ ብርቱካን አደራው የሚባል በያጅ ወደደች። አባቱ የእብናት ቀጥቃጭ ናቸው። ልጁ ሽማግሌ ላከ። እኔም መቁጠር ጀመርኩ፤ ተሰማ ላይ ስደርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ጉና ሥር ተሰማ የሚባሉ እጀ ወርቅ ቀጥቃጭ ነበሩ ይባላል። የናንተው ይሆኑ?» አሉ።

«አናውቃቸውም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ያም አልበቃኝም። «ልጃችንን ለቡዳ አንሰጥም» ብዬ ጨመርኩበት። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ግን በፍርሃት አላሳብብም። ዘር ስቆጥር ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለዚያች ደስታ ስል የልጅቱን ትዳር አፈረስኩ። ቡዳ ከተባለ በልቼ የጨረስኳት እኔ ነኝ።

አደራው አገር ለቆ ሄደ። ብርቱካን እኛ የመረጥንላትን አገባች፤ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ባለፈው እሑድ ትንሿን ልጇን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ዘሯን ያስቆጥሩልኝ» አለችኝ። «እንደኔ እንዳትሳሳት።»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «መሪጌታ ተሰማ» ነው። ልጅቱ ጥርት አድርጋ ደገመችው፤ እናቷም ደስ ብሏት ሳመቻት።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። ያን ማለት የነበረብኝ ለብርቱካን ነው። እሷ ግን ዛሬም ከቡዳ ስላዳኑኝ አመሰግንዎታለሁ እያለች ጉልበቴን ትስማለች፤ እኔም አልከለክላትም።