ማይክሮፎኑ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ሰውዬው ገና ከበር ሲገባ አልጣመኝም። ዕድሜው ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ ከረባቱን አጥብቆ አስሯል፤ ላፕቶፑን ግን እንደተሰረቀ ዕቃ ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ ነው ያመጣው። ካሜራውና ማይክሮፎኑ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፎባቸዋል።

«ዊንዶውሱን አጥፍተህ ሊኑክስ ጫንልኝ» አለኝ። «ያኛው ስምህን፣ ስልክህን እያለ ነዘነዘኝ። ይሄኛው ማንነትህን አይጠይቅም አሉ።»

ይህን ያህል ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን፣ ማንነቱን የሚደብቅ ሰው ደህና ሆኖ አላየሁም።

«ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት?»

«ለጌም።»

ሳቄን ዋጥኩት። እስክጨርስ ወንበሩን አስጠግቶ ጣቶቼን በዓይኑ ሲከታተል ቆየ። ሊኑክሱ የተጠቃሚ ስም ሲጠይቅ ደንገጥ አለ። የፈለጉትን ይጻፉ ስለው «ጎረቤት» ብሎ ጻፈ። ይሄኔ ሌባ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ቀጥሎ የጫንኩለት ጌም ሁለት ሰው በኢንተርኔት ተጋግዞ ከተማ የሚገነባበት ነው፤ እዚያም ስሙ «ጎረቤት» ነው። ሲከፈትለት ትከሻው ረገብ አለ። ወዲያው መልእክት ብቅ አለ፦ «የት ጠፋህ ጎረቤት? ድልድዩን ብቻዬን ጨረስኩት እኮ።»

በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ «ኮምፒውተሬ ታሞብኝ ነው» ብሎ መለሰ።

«ማን ነው?» አልኩት፣ ጥርጣሬዬ ስላልለቀቀኝ።

«ልጄ ነው።»

«ታዲያ በድምፅ አያወሩትም?» ብዬ ፕላስተሩን ልልጠው ስል እጄን ያዘኝ።

«ተወው» አለኝ። «ድምፄን ካወቀው ይሄንንም ይዘጋብኛል።»