አራት ዙር፣ ያለ ፍሬን

ከሐዋሳ የወጣሁ ምሽት እናቴና አጎቴ በሻንጣዬ ተጣሉ። አጎቴ «በሶው ይግባ፣ ልጁ ሊራብ ነው» ይላል፤ እናቴ «መጀመሪያ ሄልሜቱ!» ትላለች። እኔ ሐይቁ አጠገብ ባለው የአቧራ ሜዳ ሞተር ስወዳደር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዲቪ ሲደርሰኝ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ዶላር ሲያወራ እናቴ የምታስበው ስለ ራስ ቅሌ ነበር። መኪናው በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ እነሱ አልተስማሙም። በመጨረሻ በሶውን ሄልሜቱ ውስጥ ጠቀጠቁት፣ ተሳሳምን፣ ሳላለቅስ ወጣሁ። ለቅሶው ሻሸመኔን ሳናልፍ መጣብኝ።

ሲያትል ኤርፖርት ፈታሹ ሄልሜቱን ገለበጠው።

«ይሄ ዱቄት ምንድነው?»

«የተቆላ ገብስ።»

«ገብስ ሄልሜት ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እናቴና አጎቴ አልተስማሙም።»

ሰውዬው አየኝ፣ አየኝና በሶዬን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደፋው። ሄልሜቱን «ዌልካም» ብሎ መለሰልኝ።

የሐዋሳ ዝናብ ይመጣል፣ ይደበድብሃል፣ ይሄዳል፤ በቃ ተገላገልክ። የዚህ አገሩ ግን ያንጠባጥባል እንጂ አይዘንብም፣ አያቆምም። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋሽ ወልዴና እትዬ አስቴር ምድር ቤታቸውን አከራዩኝ፤ የአገራችን ሰዎች ናቸው፣ ቸርቻችንም አንድ ነው። ሥራዬ ኬንት የምትባል ጎረቤት ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መጫን። እዚያው አብሮኝ የሚሠራ ሮይ የሚባል ሽማግሌ ነጭ ስልኬ ላይ የሞተር ፎቶ አየና «ና ላሳይህ» ብሎ ከኤቨረት ከተማ ወዲያ ወዳለ የአፈር ሜዳ ወሰደኝ። ስፒድዌይ ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሰው፣ አራት ዙር፣ ሁሌ ወደ ግራ መታጠፍ። ሞተሩ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። የምትታጠፈው የኋላ ጎማውን እያንሸራተትክ ነው። ኩርባው ላይ ፈርተህ ነዳጅ ከቀነስክ ጎማው አፈሩን ይነክስና ቀጥ አድርጎ ከአጥሩ ጋር ያላትምሃል። ሶ፣ ስትፈራ መጨመር ነው ያለብህ። እኔ ደግሞ ወደድኩት! መጋዘን ውስጥ ስሜን አጣመው ሲጠሩኝ የዋልኩት ሰውዬ እዚያ አንደኛ እወጣ ጀመር።

ጋሽ ወልዴ የገዛሁትን ሞተር ጋራዣቸው ውስጥ ሲያዩት ዙሪያውን እየዞሩ መረመሩት።

«ፍሬኑ የታለ?»

«የለውም ጋሼ።»

«ታዲያ አሠራዋ!»

«ሲሠራም የለውም።»

«ኧረ ወዲያ! በአሜሪካ አገር ያለ ፍሬን ይሸጣሉ? ክሰሳቸው!»

በሦስተኛው ዓመት ሮይ ወሬ አመጣ። ካሊፎርኒያ ያለ አንድ ቡድን አዲስ ሰው ይፈልጋል፤ እሑድ የሚያየን ሰው ይመጣል፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከወጣህ ሄድክ። ደሞዝ ያለው፣ መጋዘን የሌለው ኑሮ። ከዚህ በላይ ምን እመኛለሁ?

ግን እናቴ ታመመች። ልቧን ነው። ስልክ ስደውል እህቴ እያነሳች «ተኝታለች፣ ደህና ናት» ትላለች። በማግስቱም «ተኝታለች።» «እስቲ ድምፅዋን አሰሚኝ» ስላት «ሐኪሙ መጣ» ብላ ትዘጋለች። የእኛን ሰው አውቃለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ጥቁሩን ለብሶ፣ ፓስተር አስቀድሞ፣ ሰብሰብ ብሎ ነው የሚመጣው። ስካይዌይ ውስጥ ደግሞ ለመርዶ ከፊት የሚቆሙት ማን ሆኑና? ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ኮቴያቸውን ስሰማ ከአልጋዬ ዘልዬ በሩን እከፍታለሁ፤ ቆሻሻ ሊያወጡ ነው።

እሑድ መጣ። የመጨረሻው ውድድር ላይ ተነሳን፣ ሁለተኛ ሆኜ ያዝኩ። ሦስተኛው ዙር ኩርባ ላይ ስገባ ቀና አልኩ፤ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ፓስተራችን ከፊት። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ተከናንበው። ከቸርች ሰባት ስምንት ሰው፣ ሁሉም ጥቁር ካፖርት። ነጩ ሁሉ ይጮሃል፣ እነሱ ዝም። ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

እማዬ! አልኩ። ሌላ ምን ልበል? እጄ ላላ፣ ነዳጁ ቀነሰ፣ ጎማው ነከሰ። አጥሩን አስታውሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ሆስፒታል ስነቃ ዳሌዬና ጭኔ ብረት ገብቶባቸዋል። ሐኪሟ «ትራመዳለህ፤ ሞተሩን ግን እርሳው» አለችኝ። ጋሽ ወልዴ አልጋዬ ጋ ተቀምጠው ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጋሼ፣ እናቴ መቼ ሞተች?»

«ምን ሆነሃል አንተ! ደህና ናት! ልናበረታታህ ነው የመጣነው!»

«ታዲያ ኮፍያዎን ለምን አወለቁ?»

«ነጮቹ የባንዲራቸውን መዝሙር ሲዘምሩ አወለቁ፣ እኛም አወለቅን። መልሱት የሚለን ሰው ስንጠብቅ ቀረን።»

«ለምን አልጮኻችሁም?»

«ፓስተሩ በልባችሁ ጸልዩ አሉና።» ይሄን ብለው ሽማግሌው እንደ ልጅ አነቡ። በብረት የተቸነከርኩት እኔ ነኝ፣ «አይዞዎት ጋሼ» እያልኩ የማጽናናውም እኔው። በማን ልቆጣ? ከቸርች በቀጥታ፣ ምሳቸውን እንኳ ሳይበሉ ነው የመጡት። እትዬ አስቴር በየቀኑ አጥሚት ይዘው ይመጣሉ፤ ባልበላ ያለቅሳሉ፣ ብበላም ያለቅሳሉ። ሮይ ኮል አድርጎ ካሊፎርኒያ ሌላ ሰው እንደወሰዱ ነገረኝ። ኦኬ አልኩት። ምን አባቴ ልበል!

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ግን የራሷ ድምፅ ነው።

«እማዬ! የት ጠፋሽ?»

«ድምፄ ዘግቶ ነበር፣ ሰምተህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ያልደወልኩልህ። ለጋሽ ወልዴ ግን ደውዬላቸው ነበር። እዚህ ስትወዳደር እኔ አለሁ፣ እዚያ ልጄ ብቻውን ነው፣ እባክዎ ሰው ሰብስበው አንድ ቀን እንኳ ይቁሙለት አልኳቸው። ደግሞ እንዳይነግሩት፣ ድንገት ይያችሁ አልኩ። መጡልህ?»

ጋሽ ወልዴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆነው መውደቄን እንዳልነግራት ሁለት እጃቸውን አጣምረው ይለምኑኛል።

«መጡልኝ እማዬ።»

«አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«ደስ አለህ?»

«በጣም ደስ አለኝ።»

«ተመስገን! በል ለሚመጣው እሑድም እነግራቸዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ አንድም ቀን አይቀሩብህም።»

«እሺ እማዬ» አልኳት።