ዘጠነኛው ዘፈን

ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው «ዳኛው» የሚለው ፍርድ ቤት ሠርቶ ስለሚያውቅ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናውን ሸፍኖ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ፣ ከአንድ የድሮ የሮክ አልበም የትኛው ዘፈን እንደሚበልጥ ስለሚፈርድ ነው። ዘጠኝ ዘፈን ላለው አልበም አሥራ አንድ ዓመት መከራከር ለጤነኛ ሰው ይከብዳል። እነሱ ደግሞ ጤነኛ ነን ብለው አያውቁም።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። የሚስቱ ወንድም፣ ባለታክሲው፣ «ከሁለተኛው ወዲያ ላሳር!» ይላል። ጎረቤቱ የሒሳብ አስተማሪዋ ዘጠነኛውን የነካባትን አትምርም። ዳኛው ሁለቱንም ሰምቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አራተኛው!» ብሎ ይዘጋዋል። «ዘጠነኛውስ?» ስትለው፣ «እሱ እንኳ ይቅር» ይልና የጠፋ ቁልፍ መፈለግ ይጀምራል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዳኛው ዘጠነኛውን ዘፈን ሰምቶት አያውቅም። ካሴቱን የቀዳችለት ታላቅ እህቱ ናት፤ ስምንተኛው ሲያልቅ ክሩም ያልቅና ቴፑ ቀጭ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ የተጠየቀ ቀን አፍሮ እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ «ካሴት አውሱኝ» ማለት መናዘዝ ሆነበት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይከብደው ነበር። ዳኝነቱን ደግሞ ይወዳታል። ሳምንቱን ሙሉ «ሱሪዬ አጠረ፣ ኮቴ ሰፋ» ሲባል ከርሞ፣ ሰው ከአፉ የሚወጣውን የሚጠብቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ አስተማሪዋ ሸክላውን ከነማጫወቻው ተሸክማ ከች አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ በ‹ይቅር› አላልፍዎትም። ዘጠነኛው ምን ጎደለው?»

«ምን መሰለሽ...» አለ ዳኛው። «ድራሙ በዛ።»

ባለታክሲው ከተደገፈበት ግድግዳ ቀና አለ።

«የምን ድራም? ዘጠነኛው ላይ እኮ ድራም የለም!»

ዳኛው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። መቀሱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ወዲያው ግን መረረው፤ አሥራ አንድ ዓመት መሸሽ ያደክማል።

«ሰምቼው አላውቅም» አለ። «ካሴቴ ላይ የለም። በሉ እንግዲህ፣ ሌላ ዳኛ ፈልጉ።»

ባለታክሲው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! በዚህ አፍህ ነው ስንት ዓመት የፈረድክብኝ?»

አስተማሪዋ አልሳቀችም። ዳኛውን በቅናት ታየው ነበር።

«ምን ቢታደሉ ነው!» አለች። «እኔ ይህን ዘፈን ዛሬ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ብሰማው ምን ነበረበት!»

የባለታክሲው ሳቅ ቆመ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለና፣ የደንበኛ ልብስ የተከመረበትን ደህና ወንበር አራግፎ የእህቱን ባል አስቀመጠው። የመንገዱ ጩኸት እንዳይረብሸውም በሩን ዘጋለት።

ዘፈኑ በአንድ ጊታር ቀስ ብሎ ጀመረ። ሁለቱ ሸክላውን ትተው የሱን ፊት ያያሉ። መሀል ላይ ሁለተኛው ጊታር ሲገባ ዳኛው ሜትሩን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስ ሲለው መደበቅ አይችልበትም።

እንዳለቀ አስተማሪዋ መታገሥ አቃታት።

«እሺ፣ ይፍረዱ! የትኛው ይበልጣል?»

«ዛሬ ችሎት የለም» አለ ዳኛው። «ድገሚልኝ።»