በእርጥብ ወለል ላይ ሦስት ዱካ

ወለል ወልውዬ ዞር ስል ዱካ ካየሁ ደሜ ይፈላል። በዘጠናዎቹ ኦክላንድ ውስጥ አንድ የስፖርት አዳራሽ ሳጸዳ ከሰው የተጣላሁት ሁሉ በዚህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሩ ገና ሳይከፈት፣ እርጥቡ ወለል ላይ ሦስት ዱካ አየሁና ባልደረባዬ ላይ ጮህኩባት።

ባልደረባዬ ቻይናዊት ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የስፖርት ሹሞች ቁመቷን ለክተው ከወላጆቿ ቤት ወሰዷት፤ አድጋ ለብሔራዊ ቡድን መረብ ኳስ ተጫወተች። ሥራዋ ለመቺዎቹ ኳስ ማመቻቸት ነበር። ጽዳቷን ስትጨርስ መረቡ ሥር ትቆምና፣ አንድ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ አንድ ጣት ታሳያለች። ከዚያ ኳሱን ማንም በሌለበት ከፍ አድርጋ ትልከዋለች። ይወድቃል፣ ታነሳዋለች።

"እኔ አልረገጥኩትም" አለችኝ። ጫማዋን አየሁት፤ ደረቅ ነው። ዱካዎቹ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ብለው መረቡ ጋ ያበቃሉ። የዘለለ ሰው መውረዱ አይቀርም፤ የወረደበት ግን የለም። አማተብኩ።

እሷ አልደነገጠችም። አንድ ጣት ማለት አጭር ኳስ ነው አለችኝ፤ ዝቅ ብሎ ቶሎ የሚላክ፤ መቺዋ አመቻቿን አምና ኳሱ ሳይነሳ ትዘላለች። በመጨረሻው ጨዋታዋ ጣቷን ካሳየች በኋላ ፈራችና ኳሱን ከፍ አድርጋ ላከችው። አብራት ያደገች ጓደኛዋ ባዶ አየር መታች፤ ስትወርድ ጉልበቷ ተሰበረ። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አልተጫወቱም። ጓደኛዋ መሞቷን የሚናገር ደብዳቤ የደረሳት እኔ ዱካዎቹን ባየሁበት ሳምንት ነበር።

"ይቅርታ አልጠየቅኳትም" አለችኝ። "አጭሩን ኳስ ልሰጣት እፈልጋለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል።"

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልላት ነበር። ዓይኔ ዱካዎቹ ላይ አረፈና ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ልጅቷ እኮ አየር ላይ ናት!" አልኳት።

ኳሱን አነሳች። ጣቷን አሳየች። ኳሱን ዝቅ አድርጋ ለቀቀችው። ኳሱ እንደወትሮው ወድቆ ግድግዳው ጋ ተንከባለለ፤ ሌላ ምንም አልሰማሁም።

ወለሉን ሳይ ግን መረቡ ሥር ሁለት አዲስ ዱካዎች ጎን ለጎን አርፈዋል።

ተንበርክካ መዳፏን አጠገባቸው አኖረችና በቋንቋዋ እያወራች አለቀሰች። በሩን ሰዎች ማንኳኳት ጀመሩ። ባልዲዬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩና ዱካዎቹ እስኪደርቁ ድረስ፣ ወለሉ እርጥብ ነው እያልኩ ደጅ አቆምኳቸው።