ጣቢታ እና የአቶ ሀብቴ ጠባሳ

ሆሳዕና ውስጥ ሠርግ ያለው ሰው አዳራሽ ከመያዙ በፊት ጣቢታን ይይዛል። ጣቢታ ካሜራ ተሸክማ ሠርግ ቤት አትዞርም፤ ቀረጻውን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። እሷ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከሞባይል መሸጫው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የተቀረጸውን ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ መዝሙር ታስገባለች። ስሟን ያስጠራው ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ጣቢታ ፊት ታለሰልሳለች።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የመዘምራን ቡድን ጋር ነው። ክሊፕ ሊቀርጹ ቀን ቆርጠው፣ ልብስ አሰፍተው፣ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ የመሪ ዘማሪዋ ፊት በብጉር ተወረረ። ልጅቷ አልቀረጽም ብላ አለቀሰች። ግማሾቹ ጎኗን ሰጥታ ትዘምር አሉ፣ ግማሾቹ ከሩቅ ትነሳ አሉ። ጣቢታ “ዝም ብላችሁ ቅረጹ፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት” አለቻቸው። ከኢንተርኔት አይታ የተማረችው ነገር ነበር። ክሊፑ ሲወጣ የዘማሪዋ ፊት እንደተላጠ እንቁላል ጠርቶ ታየ። አንዳንድ ምዕመናን ልጅቷ ተጸልዮላት ነው ብለው አመሰገኑ። የቡድኑ መሪም እንደዚያ አይደለም ብሎ አላረመም።

ከዚያ ወዲያ ከቦኖሻም ከዱራሜም ሰው ይመጣላት ጀመር። ሠርገኛውም ተዘናጋ። ሙሽራው ጢሙን በወጉ ሳይላጭ ሲቀር “ጣቢታ ታወጣዋለች” ይባላል። ኳስ ሲጫወት ዓይኑ ሥር የተመታ ሚዜ አብጦ ይመጣና “ጣቢታ አለች አይደል?” ይላል። ሙሽሮችን የምታሰማምረው ጎረቤቷ ገበያ ላይ ስታገኛት ሰላምታ መስጠት አቆመች።

ጣቢታ ክፉ ሐሳብ አልነበራትም። ሰው በሠርጉ ቀን አምሮ ይታይ ባይ ናት፣ በዚህም ከልቧ ትደሰታለች። ችግሩ እጇ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። መጀመሪያ ብጉር ብቻ ነበር የምታጠፋው። ቀጥላ ዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት፣ ቀጥላ የግንባር መስመር። እያደር ያለሰለሰችው ፊት ሁሉ ገና ሻካራ መስሎ ይታያት ጀመር። የሊዲያ ሠርግ እጇ የገባው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

ሊዲያ የጊምቢቹ ልጅ ናት፤ የተዳረችው ዶዮገና ነው። አባቷን አቶ ሀብቴን በአካባቢው የማያውቃቸው የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ከብት ይነግዳሉ፣ ደግሞም ከቀኝ ዓይናቸው ሥር ተነስታ እስከ አገጫቸው የምትወርድ ጠባሳ አለቻቸው። ሰው መንገድ ሲያሳይ እንኳ “የባለጠባሳው ቤት” ይላል። ጣቢታ ይሄን አታውቅም። ሰውየውን በአካል አይታቸው አታውቅም። ኮምፒውተሩ ሰው የተባለውን ሁሉ ከሙሽሪት እስከ ወጥ ጨላፊ እንዲያለሰልስ አዘዘችው፣ የማለስለሻውን መጠን የምትጨምረውንና የምትቀንሰውን መጎተቻ በማውሱ እስከ ጫፍ ሳበችና ምሳ ልትበላ ወጣች።

ቪዲዮው ዶዮገና ደረሰ። የሙሽራው ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑን ከበበ። አባት ልጁን የሚመርቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ሽማግሌ ሆኖ ጊምቢቹ የተላከው የሙሽራው አጎት ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ይሄ ወጣት ማነው?”

“አባቴ ነው” አለች ሊዲያ።

“አባትሽን እኔ ቤታቸው ሄጄ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልጅ ለምኛለሁ። እሳቸው ጠባሳ አላቸው። ይሄ ወንድማቸው ይሆን እንዴ?”

“ወንድም የለውም!”

“ታዲያ መራቂውን ከየት አመጡት?”

ወሬው ከቪዲዮው ፈጥኖ ጊምቢቹ ገባ። አቶ ሀብቴ ልጃቸውን በሌላ ሰው አስመረቁ ተባለ። ሊዲያ ወዲያው ለጣቢታ ደወለች። ጣቢታ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ የሰማችው ግን የተሰበረ ድምፅ ነው።

“የሰዉ ወሬስ ይቅር” አለቻት። “ሲመርቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም። አሁን ቪዲዮው ላይ ሳየው ምንም የለበትም፤ እንደ ግድግዳ። እንደዚያ ሆኖ ነው እንዴ የሸኘኝ?”



በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠዋት የሊዲያ እናት ወይዘሮ ገነቴ ባላቸውን በክንዳቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሱም። አቶ ሀብቴን ከኮምፒውተሩ ጎን አቆሟቸውና መስኮቱን ከፍተው ብርሃን አስገቡ።

“ልጄ፣ ባሌ ይሄ ነው። እዪው።”

ጣቢታ አየች። ስክሪኑን አየች። መልሳ ሰውየውን አየች። በእውነትም አይገናኙም።

“እትዬ ገነቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያምራሉ ብዬ ነው።”

“ያምራልማ! እኔ መቼ አያምርም አልኩ? ግን ይሄን ሰውዬ አላውቀውም። ያቺን ጠባሳ ያመጣው ቆርቆሮ ነው። የመጀመሪያ ቤታችንን ጣሪያ ሲያለብስ ንፋስ ቆርቆሮውን ነጥቆ ፊቱን ቀደደው። ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንቺ በምን አጥበሽ አስለቀቅሻት?”

አቶ ሀብቴ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም። ጣቢታ ተቀመጠችና መጎተቻዋን በቀስታ ወደ ኋላ ትመልስ ጀመር። ወይዘሮ ገነቴ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዛሉ።

“ጨምሪ። ትንሽ ጨምሪ። ግንባሩ ላይ ገና ነው። አዎ! ጠባሳዋ መጣች፣ ጌታ ይመስገን። የጆሮው ሥር ኪንታሮትስ?”

“እሷ እንኳ ብትቀር” አሉ አቶ ሀብቴ። አፋቸውን ሲከፍቱ የመጀመሪያቸው ነበር።

“አትቀርም!”

ኪንታሮቷም መጣች። ወይዘሮ ገነቴ እፎይ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በስክሪኑ ላይ ከባላቸው ጎን የራሳቸው ፊት አለ፣ ልጃገረድ መስሎ።

“የኔን እንዳለ ተዪው” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አቶ ሀብቴ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። “ምን አልሽ የሊዲያ እናት?”

“ምን አልኩ? ሰው የሚያውቀው አንተን በጠባሳህ ነው። እኔ ምን ምልክት አለኝ?”

“እኔ ኪንታሮቴ ሳትቀር ተመልሳ አንቺ የሊዲያ ታናሽ መስለሽ አጠገቤ ልትቆሚ ነው? ሰዉ አሁን በሌላ አስመረቀ እያለ ነው። ነገ ደግሞ ልጁን ዳረና በዚያው ሌላ አገባ ይለኛል! ልጅ ጣቢታ፣ የእሷንም መልሺ።”

“እንዳትነኪው!”

“መልሺ ብያለሁ!”

ክርክሩ ወደ ሀዲይኛ ተሻገረ፤ ጣቢታም ቋንቋዋ ነውና ሁሉንም እየሰማች ማውሱ ላይ እጇን አድርጋ ጠበቀች። የሞባይል መሸጫው ባለቤት ሰው የተጣላ መስሎት ከታች ሮጦ መጣ፤ ስክሪኑን አየና እሱም ሐሳብ ሊሰጥ ሞከረ። ሁለቱም በአንድ አፍ “አንተ ውጣ!” አሉት። ቢያንስ በዚህ ተስማሙ።

ጣቢታ ነገሩን ለማብረድ ሌላ ቦታ ልይ ብላ ምርቃቱ ጋ ሄደች። እዚያም ማለስለሻውን ጨርሳ አጠፋችው።

አቶ ሀብቴ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ ጭነዋል። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። የግንባራቸው መስመሮች ተሰብስበዋል፤ ከቀኝ ዓይናቸው የወረደው እንባ ጠባሳዋ ጋ ሲደርስ መንገዱን ቀይሮ በእሷ ላይ ተከትሎ ይፈሳል። ኮምፒውተሩ እንባውን እንደ ብጉር ቆጥሮ ነበር የጠረገው።

ወይዘሮ ገነቴ ባላቸውን ቀና ብለው አዩአቸው።

“አልቅሰህ ነበር እንዴ?”

“ጭስ ነው” አሉ አቶ ሀብቴ።

“አዳራሽ ውስጥ ምን ጭስ አለ?”

“ከወጥ ቤቱ በኩል ይመጣ ነበር።”

ወይዘሮ ገነቴ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው የገዛ ዓይናቸውን ጠረጉና “ልጄ፣ የኔንም መልሺው” አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን “ግማሹን” ብለው ጨመሩ። አቶ ሀብቴ ሊቃወሙ አፋቸውን ከፍተው ሚስታቸውን ሲያዩ መልሰው ዘጉት።

ጣቢታ ምርቃቱን ብቻ ቆርጣ እዚያው በቴሌግራም ለሊዲያ ላከችላት። ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ሊዲያ አባቴን አቅርቡልኝ ብላ እያለቀሰችም እየሳቀችም ስትናገር ድምጿ እስከ በሩ ይሰማል። አቶ ሀብቴ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቅ አድርገው “ጭስ ነው አልኩ እኮ!” ይላሉ። የሙሽራው አጎት ደግሞ ከኋላ ሆኖ “እሳቸው ናቸው! እንደዚህ ነበሩ!” እያለ ሲመሰክር ይሰማ ነበር።

ጣቢታ ሥራዋን አልተወችም። አሁን ግን ፊት ከመንካቷ በፊት ቤተሰቡን ጠርታ ትጠይቃለች። ሥራው ረዘመ፤ ክፍሏም አንዳንድ ቀን የሽማግሌ ጉባኤ ትመስላለች። የአያት ፊት አይነካም የሚሉ አሉ። አንድ ሙሽራ ብጉሬ አይነካ፣ እሷ ከነብጉሬ ነው የወደደችኝ ብሎ ሚስቱን አሳፍሯል። ለዘማሪዎቹም እንባ ያለበትን ቦታ አትነካም፤ ቢለምኗትም እምቢ ትላለች።

በቀደም ከአንጋጫ አንዲት የሙሽሪት እናት መጡ። ጣቢታ እንደ ልማዷ የማንን ላለስልስ፣ የማንን ልተው ብላ ጠየቀቻቸው።

“የሁላችንንም አለስልሺልን” አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ በሩን ዞር ብለው አዩና ወንበራቸውን አስጠጉ። “የሙሽራውን እናት ብቻ እንዳሉ ተዪያቸው። እንዲያውም፣ ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተርሽ መጨመርም ይችላል?”

ጣቢታ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ታች የዱራሜ መኪና ረዳት “አንድ ሰው! አንድ ሰው!” እያለ ይጣራል።